እስኪ የከተማሽን ስም ጻፊልኝ

እስኪ የከተማሽን ስም ጻፊልኝ። እዚያው ደብተርሽ ላይ፤ እኔ ከኋላሽ ቆሜ አያለሁ። «ጎ» ልበል ወይስ «ጐ» ብለሽ እጅሽ አንዴ ሲያመነታ አየሁት። አይዞሽ የኔ ዓለም፣ የሚያመነታ እጅ የሚያስብ እጅ ነው። ዛሬ የምመክርሽም ስለዚያች ማመንታት ነው።

ትናንት ማታ ስልክሽን ይዘሽ በእንግሊዝኛ ቃላት ስትገረሚ ሰማሁሽ። ሰልፍ ማለት የሆነው «ኪው» በአምስት ፊደል እንደሚጻፍ፣ አራቱን ብታነሺበትም የፊተኛው ብቻውን ያንኑ ድምፅ እንደሚሰጥ ነገርሽኝ። ሒሳብ ያዥ ማለት የሆነው «ቡክኪፐር» ደግሞ ሦስት ጥንድ ፊደላትን ያለ ጣልቃ ገብ አከታትሎ ይይዛል አልሽ። ደስ አለኝ። ቃል የምትወድ እኅት ማን ይጠላል? ብቻ የጐረቤትን መሶብ ስታደንቂ የእናትሽን ሳትከፍቺ እንዳታድሪ። በኛም ቤት እንዲህ ያለው ሞልቷል፤ ነይ፣ አንድ በአንድ ላሳይሽ።

መጀመሪያ፣ በማይሰማ ፊደል አትሣቂ። እንግሊዞች «ናይት» የሚሉትን የፈረሰኛ ማዕርግ ሲጽፉ ከፊት የማይነበብ ፊደል ያስቀምጣሉ፣ መካከል ላይም ሁለት ዝምተኛ ፊደላት ይደረድራሉ። ተማሪ ሁሉ ይማረርበታል። ነገር ግን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት እነዚያ ፊደላት ሁሉ ይነበቡ ነበር፤ አፍ ሲተዋቸው እጅ ያዛቸው። የኛ የሀ፣ የሐ እና የኀ ታሪክም ይኸው ነው። በግዕዝ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። አማርኛ ሲናገራቸው አንድ አደረጋቸው። ካላመንሽኝ ከደባርቅ ተነሥተሽ ሊማሊሞን ውረጂ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ተከዜን ተሻገሪ። ትግርኛ ተናጋሪው ሐን እና ዐን ዛሬም ከጕሮሮው አውጥቶ ለይቶ ይላቸዋል። እኛ በዐይናችን ብቻ የምናየውን እሱ በጆሮው ይሰማዋል። ስለዚህ «ትርፍ ፊደል» የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ፣ እሺ?

ቀጥሎ፣ ፊደላቱን በስማቸው ጥሪያቸው። «ሌላኛው ሀ»፣ «ያ ሹካ የሚመስለው» ማለት ይቅርብሽ፤ ስም አላቸው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እንዲህ ይሏቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ልብ ብለሽ እያቸው እንጂ፣ እቴ! እያንዳንዱ ስም የራሱን ፊደል በውስጡ ይዟል። ንጉሥ በንጉሡ ሠ ይጻፋል፣ እሳት በእሳቱ ሰ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ። ዘጠኙን ስም በቃልሽ ከያዝሽ ዘጠኝ ቃል ዕድሜ ልክሽን አትሳሳቺም። ሌላው ከዚያ ይቀጥላል።

አሁን ወደ ፍሬው ልግባ። ፊደሉ የቃሉን ትውልድ ይነግርሻል። ትምህርት እና ምሕረት የሚሉትን ቃላት ጐን ለጐን ጻፊያቸው። ለጆሮሽ መካከላቸው ያለው «ህ» አንድ ነው። በግዕዝ ግን መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ማለት ነው፤ መሐረ በሐመሩ ሐ ደግሞ ይቅር አለ፣ ራራ። ከፊተኛው መምህርና ትምህርት ተወለዱ፣ ከሁለተኛው ምሕረት። አንዷን ፊደል ብታዛውሪ አስተማሪውን ይቅር ባይ አደረግሽው። እርግጥ ጥሩ መምህር ሁለቱንም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ጽሕፈቱ ግን ይለይ።

ሌላም ልጨምርልሽ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ቀና ብለሽ ጣራውን ስታዪ፣ መላእክቱ ዐይናቸውን አፍጥጠው ቍልቍል ያዩሻል። ያን የሠራ እጅ ሠዐለ፤ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ። ሥዕል የመጣው ከዚያ ነው። ከሥሩ ቆሞ የሚለምን ሰው ደግሞ በግዕዝ ሰአለ፤ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ። ሣለና ለመነ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ፣ ፊደል ብቻ ለያቸው። ሠረቀ ስትዪ ፀሐይ ወጣች፣ ምሥራቅም ከዚያ መጣ፤ ሰረቀ ስትዪ ግን ሌባ ገባ። አመት በአልፋው አ ሴት አገልጋይ ናት፣ አመተ ማርያም ብለው ክርስትና የሚያነሡትም ለዚህ ነው፤ ዓመት በዐይኑ ዐ ዐሥራ ሦስቱ ወር ነው። የአቋቋም ሊቃውንት ሊያስመሰክሩባት የሚመጡባትን የጐንደር በአታ ቤተ ክርስቲያንን እንውሰድ። ብዙ ሰው በዐይኑ ዓ ይጽፋታል። የታኅሣሥ 3 በዓል ግን እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት ነው፤ መግባት በግዕዝ ቦአ ነው፣ በአልፋው አ። በዐይኑ ዐ ስትጽፊው በዐት ይሆናል፣ ዋሻ ማለት። አየሽ፣ አንዲት ፊደል ከመቅደስ ወደ ዋሻ ታወጣለች።

አሁን ወደ ጐንደርሽ ልመልስሽ። ግዕዝ ሃያ ስድስት ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ አለው፣ 182 ይሆናሉ። በዚያ ላይ ቀ፣ ኀ፣ ከ እና ገ ብቻ አምስት አምስት ተጨማሪ መልክ ያወጣሉ፤ ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ እንደሚለው። ሃያ ናቸው፣ ጠቅላላው 202 ይሆናል። አማርኛ ሰባት ፊደላት ጨመረ፤ ሰ ላይ አንድ ጭረት አድርጎ ሸ አለ፣ ተን ቸ፣ ነን ኘ፣ ከን ኸ፣ ዘን ዠ፣ ደን ጀ አደረገ፣ ጠንም እግሩን ለውጦ ጨ አለው። እነዚያን ሃያዎቹን ሰዎች ዲቃላ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን አማርኛ በአምሳላቸው ካወጣቸው ከነጯና ከነቧ ጋር ከንፈር የሚያሾሉ ፊደላት ብዬ ላስተምርሽ፤ ስትያቸው መስተዋት ፊት ቁሚና እዪው። «ጐ» የድሮው ድምፅ ከንፈርን የሚያሾል ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ስንናገር ከ«ጎ» ጋር አንድ ሆኖብናል። የጥንት ጸሐፊዎች ግን ከተማችንን ጐንደር ብለው ጻፏት። አንቺም የጻፍሽው በምክንያት ይሁን። «ጎ» ያለ ሰው አያሳፍረውም፤ «ጐ» ያልሽ እንደ ሆነ ግን ለምን እንዳልሽ ዕወቂ።

በዚህ ጉዳይ ደግሞ የኛ ሀገር ከየትም ይበልጣል። አጤ ቴዎድሮስ የተወለዱባት ቋራ፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቍስቋም፣ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ከንፈር የሚያሾል፤ የጓንግ ወንዝ፤ የደምቢያዋ ጯሂት፤ የሰሜን ተራራው ቧሂት። ጯሂትና ቧሂት! አንዷ ታች ተቀምጣ፣ አንዱ ደመና ላይ ቆሞ፣ ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ ተለያይቶ ቤት ይመታል። ከቀድሞው የግጭ መንደር አጠገብ ገደል ለገደል የሚወረወረውን የጅንባርን ውሃ ምን ብለን እንጠራዋለን? ፏፏቴ። ፏ ፏ፤ ፊደሉ ራሱ ይወርዳል። ይህን ሁሉ በእጅሽ ይዘሽ በ«ኪው» ስትገረሚ አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

እንግዲህ ልጫወት ካልሽ በዚህ ተጫወቺ። «ውሃው» ብለሽ ጻፊና ከኋላ ወደ ፊት አንብቢው፤ ያው ውሃው ነው። «ትሑት» የሚለውንም ገልብጪው፤ ከየትም ቢያዩት ትሑት ትሑት ነው፣ ይህን ለጠባይሽም ያዢው። «መጣ» ሲገለበጥ «ጣመ» ይሆናል፤ እንግዳ ሲመጣ ማዕዱ እንደሚጥም። «ሰማ» «ማሰ» ይሆናል፣ «ልብ» ደግሞ «ብል»፤ የልብሽን ነገር ሣጥን ውስጥ ቈልፈሽ ብል እንዳታስበዪው ብዬ ነው የምጨምርልሽ። ሊማሊሞን ከፋፍለሽ እዪው፤ ሊ፣ ማ፣ ሊ፣ ሞ። ጣሊያኖች እዚያ ገደል ላይ ያወጡት መንገድ ሄድ መለስ እያለ እንደሚጠመዘዘው ስሙም ሄዶ ይመለሳል። ስድስት ሳድስ በተርታ የሚሰለፉበት ቃል ካማረሽ «ድንግዝግዝ» አለልሽ፤ አንድም አናባቢ በግልጽ ሳይታይበት እንደ ደባርቅ ጭጋግ ውስጥ በዳበሳ ትሄጂበታለሽ። «ምስቅልቅል»ም እንዲሁ ነው። የ«ቡክኪፐር»ን ሦስት ጥንድ ያደነቅሽ ደግሞ ይህን ጻፊ፦ «ነገር እያያያዘች»። ሦስት ያ በተከታታይ፣ ያውም ማያያዝ በሚል ቃል ውስጥ። ቃሉ የሚለውን ራሱ ይሠራዋል።

ከጨዋታው ወደ ጥንቃቄ ልለፍ፤ አሁን የምልሽን በደንብ ስሚ፣ ሆዴ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ገና ገና ነው» ብለሽ ብትጽፊ የኔ ዐይን የልደት በዓል ለመድረስ ቀን እንደሚቀረው ያነባል፤ ፊተኛው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። «ዋና» ሲጠብቅ ቁንጮ፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው። «ሰፊ» ሲጠብቅ ሜዳ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ። እዚህ ድረስ ሣቅ ነው። ግን ለጓደኛሽ በስልክ «እሱም አለ» ብለሽ ብትልኪላት፣ እሱም እዚያ ይገኛል ልትዪ ነው ወይስ እሱም ተናገረ? ሰው የተቀያየመበት ነገር ከዚህ ያነሰ ነው። ስለ ሰው ስትጽፊ ቃሉ ሁለት መንገድ ካለው ሌላ ቃል ፈልጊ፤ «ይገኛል» በዪ፣ «ተናገረ» በዪ። አንድ ቃል መቀየር ከአንድ ሳምንት ኩርፊያ ይሻላል።

ስም ላይ ደግሞ አትቀልጂ። ቍጥሩን አብረን እናውጣ። በአማርኛ አንድ ዓይነት የሚነበቡ ስድስት «ሀ»ዎች አሉ፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ፀሐይ የሚለውን ስም በሁለቱ ጸዎች ብታባዢው ዐሥራ ሁለት መልክ ያወጣል። ኃይለ ሥላሴ የሚለው ደግሞ፣ ስድስት በሁለት፣ እንደገና በሁለት፣ ሃያ አራት። ጆሮ ሁሉንም አንድ ይላቸዋል፤ ኮምፒውተር ግን አይላቸውም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲመዘገብ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቍጥር አገኘ፤ ለማሽኑ ሀ እና ኃ እንደ በግና ፍየል የተለያዩ ናቸው። በአንዱ ወረቀቴ ላይ የአያታችን ስም «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ወጥቶ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ሁለት የተለያየ ሰው ነው» ተባልሁ። ሦስት ቀን ተመላለስሁ። አንቺ እንዲህ እንዳትንገላቺ የምመክርሽ ይህ ነው፦ ስምሽንና የአባትሽን ስም አንድ ጊዜ በትክክል ወስኚ፤ በልደት ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃ፣ በመታወቂያ፣ በባንክ ደብተር አንድ ዓይነት ይሁን። ሠራተኛው እየጻፈ ሳለ አንገትሽን ሰገግ አድርገሽ እዪ፤ ማየት ነውር የለውም። የሌላውን ሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ጻፊ። በሊቅ መዝገብ ብትሞግቺውም ስሙ የእሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስትፈልጊም አንዱ አጻጻፍ ካላመጣልሽ ሁለተኛውን ሞክሪ፤ «ጎንደር» ብለሽ ያጣሽው «ጐንደር» ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ለመራቀቅ ብለሽ ፊደል አትዝሪ። አሁን አሁን በየታክሲውና በየሱቁ ሰሌዳ የማየው ይኸ ነው፦ «ሠላም»፣ «ፀሎት»፣ «ፅሁፍ»። የተማረ ይመስላል ብለው ያልተለመደውን ፊደል ይመርጣሉ። ሰላም በእሳቱ ሰ ነው፣ ጸሎት በጸሎቱ ጸ ነው፣ ስሙ ራሱ እየነገረሽ! ጽሑፍም ከጸሐፈ የመጣ ነው። ምንጩን ያላወቅሽው ቃል ላይ ጌጥ አታንጠልጥዪበት፤ ቀለል አድርገሽ ጽፈሽ ማታ መዝገብ ማየት ይሻላል።

መዝገብ ስል የምሬን ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የእሳቸውን ሥራ ከፍጻሜ ያደረሱት ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»ን አወጡ። ርእሱን አየሽልኝ? «ዐዲስ» በዐይኑ ዐ። ከግዕዙ ሐዲስ የመጣ ነውና ጕሮሮው ጨርሶ እንዳይጠፋ ዐን የሰጡት ይመስለኛል። ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ስትከፍቻቸው እንዳትደናገሪ፦ ቅደም ተከተላቸው ሀለሐመ አይደለም፣ አበገደ ነው። «ጠፋብኝ» ብለሽ ከመዝጋትሽ በፊት ይህቺን አስታውሺ። ቃሉንም ከግሡ ፈልጊው፤ ትምህርትን ከት ሳይሆን ከመ ታገኚዋለሽ፣ መሀረ ብለሽ።

የመጨረሻውን ግን በጣም የምወደው ስለሆነ በደንብ ያዢልኝ። ያወቅሽውን ፊደል ሰው መምቻ አታድርጊው። እናታችን ከወገራ ገበያ ተመልሳ የዕዳ ቍጥሯን ስትጽፍ ሁሉንም በአንድ ሀ ትጽፋለች፤ አንድ ብር ግን ተሳስታ አታውቅም። ባላገሩ ጾምን ጦም፣ ዐፄን አጤ ይላል፤ ያም አፍ የራሱ ታሪክ አለው። «ፊደሉ ይቀነስ» የሚል ሰውም ልጆች ቶሎ እንዲያነቡ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ አድምጪው፣ ከዚያ መሀረንና መሐረን አሳዪው። ጐንደር የትርጓሜ ከተማ ናት። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሊቃውንት በአንድ ቃል ላይ ሁለት ሐሳብ ሲይዙ፣ ፊተኛውን ሳያጠፉ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ከጐኑ ያስቀምጡታል። አንቺም እንደዚያ ሁኚ። የታናሽሽን ደብተር ስታርሚ ቀይ መስመር ከማስመር በፊት «ይኸኛውም አለ፣ ለምን መሰለሽ?» ብለሽ ጀምሪ። በኀፍረት የተማረ ልጅ ሁለተኛ እስክሪብቶ አያነሣም።

በይ አሁን እስክሪብቶሽን አንሺ። ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ከንፈር የሚያሾል ፊደል ያለባቸው ዐሥር ቃላት ጻፊልኝ። ከቤት ጀምሪ፤ ጧፍ አለ፣ ጓዳ አለ፣ ኳስ አለ፣ ሯጭ አለ። ከዚያ ወደ ተራራው ውጪ። ነገ ጧት ቡና ሲፈላ አያቸዋለሁ፤ ደግሞ አልረሳም፣ ታውቂኛለሽ።

ዘጠኙን ራስሽ ፈልጊ፣ ዐሥረኛውን ግን እኔ ልስጥሽ፦ ቋንቋ። ከፊት ጀምረሽ አንብቢው፣ ከኋላም መልሰሽ አንብቢው፤ ቋንቋ ነው። በሁለቱም በር ላይ ከንፈር የምታሾለዋ ቋ ቆማለች። ቀድሞ የጻፉልን ሰዎች ከዚያ ጫፍ ሆነው ያነቡታል፣ ከኛ በኋላ የሚመጡት ከዚህ ጫፍ። አንቺ መካከል ላይ ነሽ፣ እኅቴ፤ እንዳይጐድል አድርገሽ አሳልፊው።

እስኪ እንግዲህ የከተማሽን ስም እንደገና ጻፊልኝ። እየጻፍሽ ነው? አየሁት። አሁን አላመነታሽም።